ከዱር ዘመዱ ጂን የተቀበለ ድንች ልውጥ ነው?

ጥያቄ፦ «ከድንች የዱር ዘመድ አንድ ጂን ወስደው በላቦራቶሪ ወደ ድንች የሚያስገቡ ተመራማሪዎች እንዳሉ አነበብኩ። ከባክቴሪያም ከእንስሳም የተጨመረ ነገር የለም ይላሉ። ታዲያ ይህ ከተራ ማዳቀል በምን ይለያል? ጂኑ ከዘመዱ የሚገኝ ከሆነስ ለምን ዝም ብለው አያዳቅሉትም? ልውጥ ሕያው ተብሎ መጠራት አለበት? የአበባ ብናኙ ወደ ዱር ቢሄድስ ምን ይሆናል?»

ምላሽ፦

በቀጥታ ልመልስልዎ። በዚህ መንገድ ወደ ድንቹ የሚገባው ጂን በማዳቀል ሊገባ ከሚችለው ጂን ጋር አንድ ነው፤ የሚገባበት መንገድ ግን አንድ አይደለም። ክርክሩ ሁሉ የሚነሳው ከሁለቱ የትኛው ይመዝናል በሚለው ላይ ነው። የእኔ ሙያ ሰብል ማሻሻል ነው። የጂኑ ምንጭ ትልቅ ቁም ነገር ነው ብዬ አምናለሁ፤ ዘዴውንም እደግፋለሁ። «የራሱ ወገን ነው» የሚለው አነጋገር ግን ምርመራን የሚተካ ማረጋገጫ ሆኖ ሲቀርብ አልቀበለውም። የዘዴው ትክክለኛ ጥቅም ያለው ሌላ ቦታ ነው። ያ ጥቅም በደንብ የሚታየው «ለምን አያዳቅሉትም?» የሚለውን ጥያቄዎን ስንመልስ ስለሆነ ከዚያ እጀምራለሁ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ያዳቅላሉ፤ ሲያዳቅሉም ኖረዋል። ድንችን በዓለም ዙሪያ ከሚያጠቁት በሽታዎች ቀንደኛው ሌት ብላይት ነው። ፋይቶፍቶራ ኢንፌስታንስ የሚባል ተሕዋስ የሚያመጣው ሲሆን፣ አየሩ እርጥብና ቀዝቀዝ ያለ ከሆነ ቅጠሉን አጥቁሮ በጥቂት ቀናት ውስጥ ማሳውን በሙሉ ያበሰብሳል። ከ1845 ጀምሮ አየርላንድ ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የፈጀው ረሃብ የተቀሰቀሰው በዚሁ በሽታ ነው። ዛሬም የኔዘርላንድስ ድንች አምራች ሰብሉን ለማዳን በአንድ የምርት ወቅት ከ10 እስከ 15 ጊዜ መድኃኒት ይረጫል። በሜክሲኮ የሚበቅለው ሶላነም ቡልቦካስታነም የተባለ የዱር ድንች ግን በሽታውን ይቋቋማል። ተመራማሪዎች ይህን ካወቁ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ችግሩ የዱሩና የማሳው ድንች በቀጥታ አለመዳቀላቸው ነው። የዱሩ ሁለት የክሮሞዞም ስብስብ ሲኖረው የምንበላው ድንች አራት አለው፤ የአንዱን ብናኝ ሌላው ላይ ቢያደርጉ ዘሩ ሳይሞላ ይጨነግፋል።

መውጫው በሌሎች ዘመዶች በኩል መዞር ነበር። የዱሩን ድንች በመጀመሪያ ሶላነም አካውሌ ከሚባል ሌላ የዱር ዘመድ ጋር አዳቀሉት፤ የዲቃላውን ክሮሞዞም በእጥፍ አበዙት፤ ከዚያ ሶላነም ፉሬጃ ከሚባለው የደቡብ አሜሪካ ድንች ጋር፣ በመጨረሻም ከተለመደው ድንች ጋር አዳቀሉት። ሥራው የተጀመረው በ1959 ነው። ከዚህ መስመር የተገኙት ቶሉካና ባዮኒካ የተባሉ ዝርያዎች ለአምራች የደረሱት በ2005 ነው። ለአንድ ጂን 46 ዓመት! የጀመረው ትውልድ ሌላ፣ የፈጸመው ሌላ ነው ማለት ነው።

የአፕልም ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። ስካብ የሚባለውን ልጣጭ የሚያቆስል በሽታ የሚቋቋም ጂን ማለስ ፍሎሪቡንዳ በተባለ ትናንሽ ፍሬ በሚያፈራ የዱር አፕል ውስጥ ይገኛል። በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው የማዳቀል ሥራ የተሠራው በ1914 ነው። ጂኑን ይዞ ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ዝርያ፣ ፕሪማ፣ የወጣው በ1970 ነው። አፕል ከዘር ተነስቶ እስኪያብብ ዓመታት ይፈጃል፤ አንድ ትውልድ ለማየት የምንጠብቀው ጊዜ የስንዴ አዳቃይ በርካታ ትውልዶችን የሚያይበት ነው።

ጊዜው ብቻ ቢሆን ኖሮ ትዕግሥት ይፈታው ነበር። ከጊዜው የሚብሰው ጂኑ ብቻውን የማይመጣ መሆኑ ነው። ሁለት ተክሎች ሲዳቀሉ የልጁ ግማሽ ዲኤንኤ ከዱር ዘመዱ ይሆናል። ከዱሩ የማንፈልገው ብዙ ነገር አለ፤ መራራነት፣ የፍሬ ማነስ፣ አንዳንዴም መርዝ። ስለዚህ ልጁን ከጥሩው ወላጅ ጋር ደጋግመን እናዳቅለዋለን። በእያንዳንዱ ዙር የዱሩ ድርሻ በአማካይ በግማሽ ይቀንሳል፤ ከስድስት ዙር በኋላ ከአንድ በመቶ በታች ይሆናል። ስሌቱ ያምራል፤ ሆኖም አማካይ ነው። የምንፈልገው ጂን አጠገብ ያለው የክሮሞዞም ክፍል ከጂኑ ጋር ተጣብቆ ይጓዛል፤ አንድ እንግዳ ጠርተን መንደሩ በሙሉ ተከትሎት እንደመጣ ያህል ነው። በ1989 የወጣ ጥናት ቲኤም-2 የተባለውን የቲማቲም ቫይረስ የሚከላከል ጂን በያዙ ዝርያዎች ላይ ይህን ለካው። ጂኑ የመጣው ከዱር ቲማቲም ነው። በአንዳንዱ ዝርያ አብሮ የመጣው የዱር ክፍል 4 ሴንቲሞርጋን (በክሮሞዞም ላይ ያለ ርቀት የሚለካበት አሃድ ነው) ያህል ብቻ ሆኖ ሲገኝ፣ በሌላው ከ51 ሴንቲሞርጋን በላይ ነበር። ይህ ሁለተኛው 11 ጊዜ መልሶ የተዳቀለ ነው። ከ11 ዙር በኋላም በጂኑ ዙሪያ በመቶ የሚቆጠሩ የማናውቃቸው የዱር ጂኖች አብረው ሊቀመጡ ይችላሉ ማለት ነው፤ አዳቃዩም ሸማቹም ይህን አያዩትም። (ዛሬ በዲኤንኤ ምልክት እየተመሩ ማዳቀል ስለሚቻል ሁኔታው ተሻሽሏል፤ ቢሆንም ሙሉ በሙሉ አልተወገደም።)

ወደ ዋናው ነገር ደረስኩ። ድንች፣ አፕል፣ ሙዝ፣ ወይንና እንጆሪ በአብዛኛው የሚራቡት በዘር አይደለም። ጋላ የተባለው አፕል በየትኛውም አገር ቢተከል የአንድ ዛፍ ቅጂ ነው፤ ቅርንጫፉ እየተቆረጠ በሌላ ግንድ ላይ እየተጣበቀ ነው የተስፋፋው። ድንችም የሚተከለው ራሱ ድንቹ ነው። እንዲህ ያለውን ተክል ያዳቀሉት ዕለት የወላጆቹ የጂን ቅንብር ይበተናል፤ ልጁም ሌላ ዝርያ ይሆናል። ጋላን በማዳቀል በሽታ የሚቋቋም አፕል ልናገኝ እንችላለን፤ በሽታ የሚቋቋም ጋላ ግን አናገኝም። መልሰን መላልሰን ከጋላ ጋር እንዳናዳቅለውም አፕል የራሱን ወይም የቅርብ አምሳያውን ብናኝ አይቀበልም፤ ቢቀበልም ልጆቹ እየደከሙ ይሄዳሉ። ሰዎች የለመዱትን ዝርያ ጣዕሙን፣ ቀለሙንና የመቆየት ችሎታውን ሳይነኩ አንድ ጉድለቱን ብቻ መጠገን ከተፈለገ ማዳቀል መንገድ የለውም። ይህ የጊዜ ጉዳይ አይደለም፤ ሺህ ዓመት ቢሰጡንም አንችለውም። ከራሱ ወገን የተወሰደውን ጂን በቀጥታ የማስገባት ትርጉሙ እዚህ ላይ ነው።

ዘዴው ሲስጄኔሲስ ይባላል። ስሙንና ወሰኑን በጉልህ ያስቀመጡት በኔዘርላንድስ ዋገኒንገን የሚሠሩት ሄንክ ስካውተን፣ ፍራንስ ክሬንስና ኤቨርት ያኮብሰን ሲሆኑ፣ ጽሑፋቸው የወጣው በ2006 ነው። ወሰኑ ጥብቅ ነው። ጂኑ የሚወሰደው ከዚያው ተክል ወይም በማዳቀል ሊገናኘው ከሚችል ዘመዱ ብቻ ነው። የሚወሰደውም እንዳለ፣ ሳይቆራረጥ ነው፤ ጂኑ መቼና የት ሥራ እንደሚጀምር የሚወስነው ፕሮሞተር፣ በመሐሉ ያሉት ኢንትሮን የሚባሉ ፕሮቲን የማይሠሩ ክፍሎች፣ መጨረሻው ላይ ያለው ማቆሚያ፣ ሁሉም የራሱ፣ በተፈጥሮ ቅደም ተከተላቸው መሆን አለባቸው። የሌላ ፍጥረት ጂን በመጨረሻው ተክል ውስጥ መቅረት የለበትም።

ከዚህ ጋር በጣም የሚምታታ ኢንትራጄኔሲስ የሚባል ሌላ ዘዴ አለ። በእርሱ ዲኤንኤው የራሱ ወገን ይሆናል፤ ነገር ግን ክፍሎቹ ተቆራርጠው በአዲስ መልክ ይገጣጠማሉ፤ የአንዱ ጂን ፕሮሞተር ከሌላው ጂን ጋር ይያያዛል ወይም የጂኑ ቁራጭ ተገልብጦ ገብቶ ነባሩን ጂን ዝም እንዲያሰኝ ይደረጋል። በ2014 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ኢኔት የተባለው ድንች እንዲህ ያለ ነው። ሲቆረጥ ቶሎ አይጠቁርም፤ አስፓራጂን የተባለው አሚኖ አሲድ ስለቀነሰበትም ሲጠበስ የሚፈጠረው አክሪላማይድ አነስተኛ ነው። ቁሱ የድንች ነው፤ ቅንብሩ ግን በተፈጥሮ ያልነበረ ነው። በ2015 የተፈቀደው የማይጠቁር አፕል፣ አርክቲክ፣ ደግሞ ብዙ ጊዜ «የራሱ ጂን ብቻ» ተብሎ ሲጠቀስ እሰማለሁ። ዒላማ የተደረጉት ጂኖች በእርግጥ የአፕል ናቸው፤ ሆኖም ከእነርሱ ጋር የገባው ፕሮሞተር ከአበባ ጎመን ቫይረስ፣ ጂኑን የተቀበሉትን ሴሎች ለመለየት አብሮ የገባው መለያ ጂንም ከባክቴሪያ የመጣ ነው። ስለዚህ ሲስጄኒክ አይደለም። ይህን የምለው ምርቱን ለማጣጣል አይደለም። እያንዳንዱ ምርት በትክክለኛ ስሙ ካልተጠራ ግን ውይይታችን ፍሬ አይኖረውም።

አሠራሩን በቅርበት ላሳይዎ። የድንቹ ግንድ በንጹሕ ክፍል ውስጥ እንደ ጥፍር ያህል እየተቆራረጠ አግሮባክቴሪየም የተባለ የአፈር ባክቴሪያ ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ይነከራል። ይህ ባክቴሪያ በተፈጥሮው የራሱን ዲኤንኤ ቁራሽ ወደ ተክል ሴል የማስገባት ችሎታ አለው፤ እኛ ቁራሹን አውጥተን በቦታው የዱር ድንቹን ጂን እናስቀምጣለን። ጂኑ ከገባ በኋላ ጣጣው የትኛው ሴል እንደተቀበለው መለየት ነው። የተለመደው ብልሃት አንቲባዮቲክ የሚቋቋም ጂን አብሮ አስገብቶ ቁራጮቹን አንቲባዮቲክ ባለበት ምግብ ላይ ማሳደግ ነው፤ ያልተቀበለው ሥር አያበቅልም። በሲስጄኔሲስ ግን ይህ መለያ ጂን የባክቴሪያ ስለሆነ በመጨረሻው ተክል ውስጥ መቅረት የለበትም። ስለዚህ ወይ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ በኢንዛይም ተቆርጦ ይወጣል፤ ወይም ከመጀመሪያውኑ አይገባም፤ ያኔ ከሚያቆጠቁጠው ቡቃያ ሁሉ ቅጠል እየተወሰደ ፒሲአር በተባለ የተፈለገውን ዲኤንኤ አብዝቶ በሚያሳይ ምርመራ አንድ በአንድ ይታያል። አድካሚ ሥራ ነው። ብዙ ቡቃያ ተመርምሮ ጥቂት ይገኛል፤ ከጥቂቱም ጂኑ በአንድ ቅጂ ብቻ የገባበት፣ የባክቴሪያው ተጨማሪ ዲኤንኤ ያልተከተለው፣ ቅርጹና ምርቱ እንደ እናቱ የሆነ ተመርጦ ሌላው ይጣላል።

ከዚያ በሽታው ራሱ ይፈርዳል። ከተመረጠው ተክል ቅጠል ተቀጥፎ እርጥበት ባለው ሣጥን ውስጥ በጀርባው ይዘረጋል፤ የተሕዋሱ ስፖር ያለበት የውኃ ጠብታ ይቀመጥበታል፤ 15 ዲግሪ በሚያህል ቅዝቃዜ ስድስት ቀን ያህል ይቆያል። ጂኑ የሌለው ቅጠል ከጠብታው ተነስቶ የሚሰፋ፣ ውኃ የቋጠረ ጥቁር ቁስል ያወጣል፤ በዳርቻው ነጭ ሻጋታ መሳይ ነገር ይታያል። ጂኑ ያለው ቅጠል ላይ የሚታየው ግን የመርፌ ራስ የምታህል ቡናማ ነጥብ ናት። በዚያች ነጥብ ያሉት ሴሎች ተሕዋሱን ለይተው፣ እርሱ ሳይስፋፋ ራሳቸውን ገድለዋል። ይህን ጎን ለጎን ያየ ሰው አንድ ጂን ምን ማለት እንደሆነ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ዋገኒንገን ላይ ከ2006 እስከ 2015 የዘለቀው ዱርፍ የተባለው የምርምር ፕሮጀክት ከዱር ድንቾች የተወሰዱ የመከላከያ ጂኖችን በዚህ መንገድ በነባር ዝርያዎች ውስጥ አስገብቶ በማሳ ሞክሯል። መከላከያው ከጥንቃቄና ከክትትል ጋር ሲቀናጅ የሚረጨውን መድኃኒት ከ80 በመቶ በላይ መቀነስ እንደሚቻል አሳይቷል። በስዊዘርላንድ ዙሪክ የማለስ ፍሎሪቡንዳን ጂን በራሱ ፕሮሞተር የያዘ ጋላ አፕል በ2011 ይፋ ሆኗል፤ በ2015 ደግሞ ፋየር ብላይት የተባለውን ዛፍ የሚያደርቅ የባክቴሪያ በሽታ የሚቋቋም ሌላ ጋላ ተከትሏል። ዴንማርክ ውስጥ የተሠራው ገብስም አለ። ገብስ ፎስፈረሱን ፋይቲክ አሲድ በተባለ መልክ ስለሚያከማቸው አሳማና ዶሮ በደንብ አያገኙትም፤ ይህን የሚፈታ ፋይቴዝ የሚባል ኢንዛይም የሚሠራ ጂን ገብሱ ራሱ አለው። ተመራማሪዎቹ የዚያኑ ጂን ተጨማሪ ቅጂ ከነፕሮሞተሩ ለገብሱ ሰጡት፤ በዘሩ ውስጥ ያለው የኢንዛይም ሥራም ወደ ሦስት እጥፍ ተጠጋ። «ከራሱ ወገን ብቻ» የሚለው ቃል በትክክል የሚገልጸው ይህን ነው፤ ከዱር ዘመድ እንኳ የመጣ ነገር የለም።

ደኅንነቱስ? በመግቢያው ላይ ያነሳሁትን ቅሬታ የማብራራው እዚህ ነው።

በመጀመሪያ፣ «የራሱ ወገን» ማለት «የማይጎዳ» ማለት አይደለም። ድንች ሶላኒን የመሰሉ መርዞችን በተፈጥሮው ይሠራል፤ የዱር ዘመዶቹ ደግሞ ይብሳሉ። በ1967 ሌናፔ የሚባል ለጥብስ እጅግ የተመቸ የድንች ዝርያ አሜሪካ ውስጥ ወጣ። የተገኘው በተራ ማዳቀል ሲሆን፣ ከዘር ሐረጉ ሶላነም ቻኮኤንሴ የተባለ የዱር ድንች ነበረበት። የመርዙ መጠን ከፍተኛ ሆኖ ስለተገኘ በ1970 ከገበያ ተነሳ። ላቦራቶሪ የገባ ጂን አልነበረውም፤ የባዕድ ዲኤንኤም አልነበረውም። ስለዚህ ጂኑ ከየት መጣ ከማለት ይልቅ ምን ይሠራል ብሎ መጠየቅ ይበልጣል። ሲስጄኔሲስ በዚህ በኩል ከማዳቀል የተሻለ ዕድል አለው፤ የምናስገባውን አንድ ጂን ፊደል በፊደል አንብበነው፣ ሥራውን አውቀነው ነው የምናስገባው፤ ያልተጠሩት ጎረቤት ጂኖች አይመጡም።

ሁለተኛ፣ የማረፊያው ቦታ። ሲዳቀል አንድ ጂን በክሮሞዞሙ ላይ የለመደውን ቦታ ይይዛል። በአግሮባክቴሪየም ሲገባ ግን የሚያርፍበትን አንመርጥም፤ ሌላ ጂን መሐል ሊገባና ሊያበላሸው ይችላል፤ አጠገቡ ያለውንም ሊያነቃ ወይም ሊያስተኛ ይችላል። የገባው ዲኤንኤ የድንች መሆኑ ይህን አይለውጠውም። በእርግጥ ተክሎች ውስጥ በተፈጥሮም ከቦታ ቦታ የሚዘሉ የዲኤንኤ ክፍሎች አሉ፤ በጨረር ሚውቴሽን የተገኙ ዝርያዎችም ከዚህ የባሰ መናጋት አልፎባቸው በየማሳው ይበቅላሉ። ስለዚህ አደጋው እንግዳ ነው አልልም፤ መታየት ያለበት ነው እላለሁ። ዛሬ የተክሉን ሙሉ ጂኖም አንብቦ ጂኑ የት እንዳረፈ ማወቅ ስለሚቻል ሳይታይ የሚታለፍበት ምክንያት የለም።

ሦስተኛ፣ አንድ ተክል የራሱን ጂን ተጨማሪ ቅጂ ሲቀበል የሚያሳየው ጠባይ ሁልጊዜ የተጠበቀው አይደለም። በ1990 የታተመው የፔቱኒያ አበባ ሙከራ ለዚህ ምስክር ነው። ተመራማሪዎቹ ሐምራዊውን ቀለም ለማጥለቅ ቀለሙን የሚሠራውን የፔቱኒያ ጂን ተጨማሪ ቅጂ አስገቡ፤ ብዙዎቹ አበቦች ነጭ ወይም ዥጉርጉር ሆነው አበቡ። የገባው ቅጂ ራሱም ዝም አለ፤ ነባሩንም አብሮ ዝም አሰኘው። በሙከራው ላይ የዋለው ፕሮሞተር ከቫይረስ የተወሰደና ኃይለኛ ስለነበር የዛሬው ሲስጄኔሲስ ቅጂ አይደለም፤ ሆኖም የሚመሳሰሉ ዲኤንኤዎች በአንድ ሴል ውስጥ ሲበዙ ሴሉ ሊቃወም እንደሚችል ያስተማረን እርሱ ነው። የራስ መሆን እዚህ ላይ ጥቅም ብቻ ሳይሆን የራሱ ጣጣም አለው።

«ከባክቴሪያ ምንም አልተጨመረም» የሚለውንም ላጥራው። አግሮባክቴሪየም ጂኑን የሚቆርጥባቸው 25 የዲኤንኤ ፊደል ያህል ርዝመት ያላቸው ዳርቻዎች አሉ፤ ከእነርሱ ጥቂት ፊደላት በተክሉ ውስጥ ሊቀሩ ይችላሉ። ፕሮቲን አይሠሩም። እነዚህን ጥቂት ፊደላት እንደ አደጋ የሚቆጥር ሰው ስኳር ድንች ምን እንደሚመስል ሊያውቅ ይገባል፤ በ2015 የወጣ ጥናት የመረመራቸው 291 የስኳር ድንች ዓይነቶች በሙሉ ሰው ሳይነካቸው ከአግሮባክቴሪየም የተቀበሉትን ዲኤንኤ ይዘው ተገኝተዋል። የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ ሲበላው ኖሯል።

የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን የሳይንስ ጉባኤ በ2012 የደረሰበት ድምዳሜ ከእኔ አቋም ጋር ይቀራረባል፤ ሲስጄኒክ ተክል ሊያመጣ የሚችለው አደጋ በማዳቀል የተገኘ ተክል ከሚያመጣው ጋር ተመሳሳይ ነው፤ ኢንትራጄኒክና ትራንስጄኒክ (ከማይዳቀለው ሌላ ፍጥረት ጂን የገባባቸው) ተክሎች ግን አዲስ ዓይነት አደጋ ሊያስከትሉ ስለሚችሉ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይታዩ አለ። በ2022 ጉዳዩን እንደገና አይቶ ድምዳሜውን አጸና። ተመሳሳይ አለ እንጂ ባዶ አላለም፤ ይህ ልዩነት በዜናዎች ላይ ሲጠፋ ያሳዝነኛል።

ልውጥ ሕያው ነው ወይ ላሉት፣ መልሱ በየሕጉ ይለያያል። በአውሮፓ ኅብረት የ2001 መመሪያ መሠረት ሲስጄኒክ ተክል ልውጥ ሕያው ነው፤ ሕጉ የሚያየው የተሠራበትን መንገድ ነውና። የአውሮፓ ኮሚሽን ሐምሌ 2023 ላይ ባቀረበው የሕግ ሐሳብ ግን ሲስጄኔሲስ ከትራንስጄኒክ ተለይቶ እንዲታይ ተጠይቋል። ካናዳ በሌላ መነጽር ታየዋለች፤ በየትኛውም ዘዴ ይገኝ፣ በማዳቀልም ቢሆን፣ ተክሉ አዲስ ጠባይ ካለው ይመረመራል። እኔ ወደ ካናዳው አመለካከት አዘነብላለሁ፤ ሌናፔን የመሰለ ድንች የሚይዘው እንዲህ ያለው ሕግ ነው። ስያሜውን በተመለከተ ግን ገዢ የገዛው ነገር እንዴት እንደተሠራ የማወቅ መብት አለው። በጥሩ ዘዴ የተሠራ ነገር ስሙን የሚደብቅበት ምክንያት አይታየኝም።

የዘዴው ወሰን ጠባብ መሆኑንም ልጨምር። በዘመዶቹ ውስጥ የሌለ ነገር አይገኝም። የሩዝ ነጭ ክፍል ቤታ ካሮቲን እንዲይዝ ለማድረግ የተሠራው ወርቃማ ሩዝ ከሌላ ተክልና ከባክቴሪያ የተወሰዱ ጂኖች ያስፈለጉት ስለዚህ ነው። ድርቅን መቋቋምና የምርት መጠንም የበርካታ ጂኖች ድምር ስለሆኑ አንድ ወይም ሁለት ጂን በማስገባት አይገኙም። ዘዴው የሚያበራው በአንድ ጂን በሚወሰን ጠባይ፣ በተለይም በበሽታ መከላከል ላይ፣ በዘር በማይራቡ ሰብሎች ውስጥ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄዎ ስለ ብናኙ ነው። ድንች የሚተከለው በድንቹ ስለሆነ ከጎረቤት ማሳ የመጣ ብናኝ የሚቀጥለውን ዓመት ሰብል አይለውጠውም። አፕልም ቢሆን የሚበላው ሥጋ የእናቲቱ ዛፍ አካል ነው፤ የአባትን ጂን የሚይዘው በውስጡ ያለው ፍሬ ዘር ብቻ ነው። ወደ ዱር ቢሻገር ደግሞ ጂኑ መጀመሪያ የመጣው ከዱር ስለሆነ ተፈጥሮ አይታው የማታውቀው ነገር አይደለም። ጥንቃቄ የሚያሻው በአንድ ሁኔታ ነው፤ በሜክሲኮ ያለ የዱር ድንች ጂን ሌላ ቦታ ላሉ፣ ጂኑ ኖሯቸው ለማያውቅ ዘመዶች ሊደርስ ይችላል። የዱር ዘመዶቹ በሚበቅሉባቸው አገሮች ይህ ከመትከል በፊት መጠናት አለበት።

እኔን ከብናኙ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ተሕዋሱ ነው። ሶላነም ዴሚሰም ከተባለ የዱር ድንች የተወሰዱ የመከላከያ ጂኖች ባለፈው ክፍለ ዘመን በማዳቀል ወደ ማሳ ሲገቡ ሌት ብላይት አንድ በአንድ አለፋቸው። የማለስ ፍሎሪቡንዳንም ጂን የሚያልፉ የስካብ ዓይነቶች በ1990ዎቹ አውሮፓ ውስጥ ተገኝተዋል። ተሕዋሱ ጂኑ በላቦራቶሪ ይምጣ በማዳቀል አይለይም። ለዚህ ነው ዱርፍ ሁለትና ሦስት ጂኖችን በአንድ ድንች ውስጥ የደራረበው፤ አንዱን ለማለፍ የሚለወጥ ተሕዋስ ሌሎቹን በአንድ ጊዜ ማለፍ ይከብደዋልና። አንድ ጂን ብቻ የያዘ ድንች በሰፊው ቢለቀቅና ተሕዋሱ ቢለምደው ግን የሚከስረው ያ ድንች ብቻ አይሆንም። ያው ጂን 46 ዓመት ተለፍቶበት በማዳቀል የገባላቸው ባዮኒካና ቶሉካም መከላከያቸውን በዚያው ያጣሉ።